ሁለት በር ያለው ቤት

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ወረዳው ሙዚየም የሚመጣ ሰው ወይ ዝናብ ያባረረው ነው፣ ወይ መኪና እስኪነሳለት ጊዜ የሚገድል። አስጎብኚዋ ይህን ካወቀች ቆይታለችና አይከፋትም። ለታሪክ ብሎ የመጣም ይምጣ፣ ከዝናብ የሸሸም ይምጣ፣ እሷ ያንኑ የለመደችውን ቃል ተናግራ፣ እነዚያኑ ክፍሎች አዙራ፣ አመስግና ትሸኛለች።

ያን ዕለት ግን ደክሟት ነበር። እናቷን ሳል ሲያጣድፋቸው አድሮ እሷም አብራ ስትነሳ ስትተኛ ነው የነጋው። ጠዋት ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጣሪያ አፍስሶ ባልዲ ስታመላልስ ረፈደ። “ዛሬስ አንድም ነፍስ ባይመጣ ምናለበት” ብላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ፣ ዘበኛው አንገታቸውን በበሩ ብቅ አደረጉ።

“የኔ ልጅ፣ ሦስት ሰዎች ናቸው” አሏት። “ሁለቱ ባልና ሚስት፤ አንዱ ብቻውን ነው። ጫማውን ከደረጃው በታች ጠርጎ ጠርጎ አልበቃው ብሎ ቆሟል። እንዲህ ያለ ጨዋ እንግዳ እንኳን ለሐሙስ ለእሑድም አይገኝ።”

“መጣሁ፣ ጋሼ” አለችና ጫማዋን መልሳ አጠለቀች።

ቤቱን ያሠሩት የወረዳውን የመጀመሪያ ወፍጮ የተከሉት ሰው ናቸው፤ የአስጎብኚዋ አያት። እሷ ግን ይህን ለእንግዳ ተናግራው አታውቅም። “የቤቱ ባለቤቶች” ነው የምትለው፣ የማታውቃቸውን የሩቅ ሰዎች እንደምታነሳ። ወፍጮው ከስሮ አባቷም በብስጭት ሲሞቱ፣ ወረዳው ቤቱን ወስዶ ሙዚየም አደረገው። ለእናትና ልጅ ከጓሮ ሁለት ክፍል ተተወላቸው፤ ለልጅቱም ሥራ ተሰጣት። በልጅነቷ ተጋድማ ታነብበት የነበረው ሶፋ ላይ ዛሬ “እባክዎ አይንኩ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። የለጠፈችው ራሷ ናት። ሰው እንዲህም ሆኖ ይኖራል።

አስጎብኚ ጀርባውን ለእንግዳ አይሰጥም፤ የሥራው ደንብ ነው። ስለዚህ ከክፍል ወደ ክፍል የምትሄደው የኋሊት ነው፤ ደፉንም ደረጃውንም እግሯ ያውቀዋል። ዕቃውን ማየት ከተወች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ቀን ሙሉ የምታየው የሰው ፊት ነው። ማን ጫማው እንደጠበበው፣ ማንና ማን ጠዋት ተኳርፈው እንደመጡ፣ ማን ማልቀስ እንደፈለገ ከፊታቸው ታነባለች።

“እንኳን ደህና መጣችሁ” አለች የፊት በሩ ደረጃ ላይ ቆማ። “ይህ ቤት የተሠራው ከወንዝ ዳር ተጭኖ በመጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። ደረጃውም እንደዚሁ . . .”

ቀና ስትል ቃሉ ከአፏ ጠፋ።

ከባልና ሚስቱ ኋላ፣ ከደረጃው በታች፣ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው ቆቡን በእጁ ይዞ ቆሟል። ጺሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል፤ ትከሻው ሰፍቷል። አቋቋሙ ግን ያው ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ካልጠሩት የማይቀርብ ሰው አቋቋም።

ላልሰማ ላሰማ። ይህ ሰው የዚያ ቤት ምግብ ሠሪ ልጅ ነው። ያደገው ማድ ቤት ውስጥ፣ በእናቱ ቀሚስ ሥር ነው። ጎርመስ ሲል የወፍጮው ሞተር ቤት ገባና መካኒክ ሆነ። እጁ ከሞተር ዘይት ጸድቶ ስለማያውቅ እሷ “ግራሶ” ትለው ነበር፤ እሱ ደግሞ በቁመቷ “ቀጭኔ” ይላታል። ብዙ ዘመን ፍቅራቸው የዓይን ብቻ ነበር። እሷ ውሃ ጠማኝ እያለች ማድ ቤት ትወርዳለች፣ እሱ እናቴን ልይ እያለ ከሞተር ቤት ይመጣል። “የዚች ልጅ ሆድ ባሕር ነው እንዴ?” ትል ነበር ምግብ ሠሪዋ፣ ነገሩ ሳይገባት ቀርቶ አይደለም።

ኋላ እሱ ወደብ ከተማ ሥራ አገኘና እናቱን ይዞ ሄደ። ከዚያ ጻፈላት። “ቅዳሜ የቀትሩ መኪና ከመነሳቱ በፊት መጥቼ እወስድሻለሁ። ካልፈለግሽኝ አትገኚ፤ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።” እሷ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ጠበቀችው። አልመጣም። ከዚያ ወዲያ እሱም አልጻፈ፣ እሷም አልጻፈች። እነሆ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆነ፤ ቂሙም ናፍቆቱም አብረው አረጁ።

“እህቴ፣ ምነው?” አለች ጃንጥላ የያዘችው ሚስት። “ደረጃው ምን ሆነ?”

“ደረጃው . . . እንዳያዳልጣችሁ” አለች አስጎብኚዋ።

ሳሎኑ ውስጥ ስለ ጣውላው ወለል፣ ስለ ግድግዳ ሰዓቱ፣ በትልቁ ፎቶግራፍ ላይ በወፍጮው ምረቃ ቀን ስለተሰለፉት ሰዎች ተናገረች። ምላሷ ለብቻው ነበር የሚሠራው። እሱን ላለማየት ባልየውን ብቻ እያየች አወራች፤ ባልየውም ለእሱ ብቻ የሚነገር መስሎት በየቃሉ ራሱን ይነቀንቃል።

“ይቅርታ” አለ መካኒኩ። ድምፁ ወፍሯል። “በዚህ በፊተኛው በር የሚገባው ማን ነበር?”

“የቤቱ ባለቤቶችና እንግዶቻቸው። ሠራተኞች በጓሮ፣ በማድ ቤቱ በር ነበር የሚገቡት።”

“መጥቶ አንኳኩቶ የተመለሰ ሰውስ? ስለ እሱ እርስዎ የሚያውቁት ነገር ይኖራል?”

እርስዎ አላት። ያ ቀጭኔ እያለ የሚጠራት ሰው። ይሄ ከጥያቄው በላይ አንጀቷን ቆረጠው።

“ሙዚየሙ ስለዚያ መረጃ የለውም” አለች።

ባለጃንጥላዋ ሳቀች። “አንተ ደግሞ፣ ሱቅ በደረቴ ይሆናላ የተመለሰው። እሱ የማይመለስበት በር የት አለ?” ከዚያ ሰው መጠየቅ የምትወድ ሴት ናትና ወደ መካኒኩ ዞረች። “የዚህ አገር ልጅ ነህ?”

“ነበርኩ። አሁን የመርከብ መካኒክ ነኝ። ነገ እሳፈራለሁ፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ወደ ወደብ የሚሄድ መኪና አለኝ። እስከዚያ ቤቱን አንዴ ልየው ብዬ ነው።”

“መቼ ትመለሳለህ ታዲያ?”

“የምመለስበት የለኝም። እናቴ ነበረች፤ እሷም አርፋለች።”

የመለሰው ለሴትዮዋ ነው፤ ዓይኑ ግን ሌላ ቦታ ነበር። አስጎብኚዋ የምግብ ሠሪዋን መሞት የሰማችው እዚያው፣ ከሰው ጋር ቆማ፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ነው። ትኩስ ነገር በእጇ ያበላቻት ሴት ሞታ እሷ ሳትሰማ። ነፍስ ይማር ማለት እንኳ አልቻለችም፤ አስጎብኚ ናትና “ወደሚቀጥለው ክፍል እንለፍ” አለች።

ምን ሊያደርግ መጣ? ሊያሾፍባት? አንዴ ጥሏት የቀረ ሰው፣ አሁን አገር ለቅቆ ሊሄድ ሲል የቀረችውን ሊያይ? በወፍጮው ክፍል ይህን ሁሉ እያሰበች አንድ እጇን በድንጋዩ ወፍጮ ላይ፣ ሌላውን በወረዳው የመጀመሪያ ስልክ ላይ አድርጋ፣ “ይህ ስልክ በቀን ሃያ ኩንታል ይፈጭ ነበር” አለች።

ባልየው ነቃ። “ስልኩ?”

“ወፍጮው” አለች። “ወፍጮው ማለቴ ነው።”

በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቃል ተሳስታ አታውቅም። ፊቷ ጋለ። የኋሊት መሄድ ስትጀምር ደግሞ እግሯ እንደ አፏ ከዳትና የመስተዋቱን ሳጥን በክርኗ መታችው። መስተዋቱ ተንቀጠቀጠ። መካኒኩ አንድ እርምጃ ዘሎ እጁን ዘረጋ፤ ክንዷን ሊይዝ ጥቂት ሲቀረው ግን ቆመ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ መልሶ ወደ ኋላው አጣመረው። ያ እጅ ነክቷት ቢሆን ትቆጣ ነበር፤ ሳይነካት ሲመለስ ደግሞ ከቁጣው የባሰ ነገር ተሰማት።

ማድ ቤቱ የጉብኝቱ መጨረሻ ነው። የጠቆረ ግድግዳ፣ የድንጋይ ምድጃ፣ የመዳብ ድስቶች፣ ወደ ጓሮ የምታወጣ ዝቅ ያለች በር። አስጎብኚዋ ለዚህ ክፍል ሁልጊዜ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው ያላት። “እዚህ ለቤቱ ሰዎች ምግብ ይዘጋጅ ነበር። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።” ከዚያ በር ከፍታ ታስወጣለች። ባልደረቦቿ “ምነው ማድ ቤቱን ታንጓጥጪዋለሽ?” ይሏታል።

ያን ዕለትም ያንኑ ብላ ልትገላገል ነበር። ነገር ግን መሸሸግም ጉልበት ይጠይቃል፤ እሷ ደግሞ ያን ቀን ጉልበቷ አልቋል።

“ይቺ በር ወዴት ታወጣለች?” አለች ባለጃንጥላዋ።

“ወደ ጓሮ” አለች። “በዚች በር አጠገብ አንዲት የቤቱ ልጅ አንድ ቅዳሜ ሻንጣዋን ይዛ ተቀምጣ ነበር። ገና ከጠዋቱ።”

“ማንን ስትጠብቅ?”

“የምግብ ሠሪዋን ልጅ። መጥቼ እወስድሻለሁ ብሏት ነበር።”

“ውይ፣ መጣ?”

“አልመጣም። የቀትሩ መኪና ጥሩንባውን ነፍቶ ሲሄድ ሰማችው። ከዚያ በኋላም እስኪጨልም ቁጭ ብላ ቆየች፤ ምን ትሠራ እንደነበር እንጃላት።”

“ወንድ” አለች ሴትዮዋ ባሏን ገልመጥ አድርጋ። ምስኪኑ ባል ጥፋቱ ሳይነገረው አንገቱን ደፋ።

“መጥቷል” አለ መካኒኩ።

አስጎብኚዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው፣ በደንብ። ፊቱ ነጥቷል።

“መጥቷል። በፊት በር ነው የመጣው። የሰው ኮት ተውሶ፣ እጁን በአሸዋና በሳሙና ፈግፍጎ። አንኳኳ። የቤቱ እመቤት ራሳቸው ከፈቱለት። ‘ቆይ’ ብለውት ገቡ፤ ቆይተው ተመለሱና ‘ቤት የለችም’ አሉት። እሱም አልፈለገችኝም ማለት ነው ብሎ ሄደ። መኪናው ውስጥ ሆኖ ይችን ከተማ ዞሮ አላያትም፤ ዞሮ ቢያይ ይወርድ ነበርና።”

“አንተ ይሄን ሁሉ በምን አወቅህ?” አለች ባለጃንጥላዋ።

ባልየው ግን፣ ስልክ እህል ይፈጫል ሲባል ብቻ የነቃው ያ ባል፣ ነገሩ ቀድሞ ገባው። የሚስቱን እጅጌ ያዘ። “ነይ እንሂድ።”

“ገና አላለቀም እኮ።”

“ለኛ አልቋል። ነይ።”

ጃንጥላዋ በሩ ላይ እየተጋጨ፣ እሷም ዞር ዞር እያለች ወጡ። ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ቀሩ።

“ለምን በፊት በር?” አለች። ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

“እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በዚች በር ገብታ በዚች ወጣች” አለ። እርስዎ ማለቱን ትቷል። “አንቺን በጓሮ ይዤሽ ብወጣ ሰው ‘ሰርቆ ወሰዳት’ ነው የሚለው። በደረጃው ወጥቼ፣ እናትሽን እጅ ነስቼ፣ በወግ ይዤሽ ልወርድ ነበር የፈለግሁት። ኮቱንም የተዋስኩት ለዚህ ነው። አንቺስ? በዚያ በር ስትገቢ ስትወጪ ያደግሽ ልጅ እዚህ ምን ታደርጊ ነበር?”

“እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው” አለች። “ደረጃው ላይ ቆመህ እናቴ ከእግር እስከ ራስህ ስታይህ ታየኝ። አንጀቴ አልቻለም። እሱ በለመደው በር ይምጣ፣ የምወርደው እኔ ልሁን አልኩ።”

እሱ ለእሷ ክብር ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ፣ እሷ ለእሱ ክብር ብላ ወደ ታች ወርዳ፣ መሀላቸው አንድ ኮሪደር ብቻ ነበር። አንዳቸው ትንሽ ክፉ፣ ትንሽ ራስ ወዳድ ቢሆኑ ኖሮ ይገናኙ ነበር።

እዚህ ላይ ይተቃቀፋሉ ብላችሁ የጠበቃችሁ ይቅር በሉኝ። አልተቃቀፉም። ወጣት ቢሆኑ ያደርጉት ይሆናል። እሷ ድስቶቹ የተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ተደገፈች። ሳቅ መጣባት፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም።

“አገባህ?” አለችው።

“አግብቼ ነበር። ደግ ሴት ነበረች። ‘አንተ እኮ እዚህ ቤት ውስጥ የለህም’ ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ኋላ ሰለቻትና ተለያየን። አንቺስ?”

“የጠየቀኝ አልጠፋም። ቆይ ቆይ ስል ቆየሁ።”

“ምን እስኪሆን?”

“እኔ ምን አውቃለሁ” አለች። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ሲላት ደሟ ፈላ። “እናቴ። እናቴ አውቃ ነው ‘የለችም’ ያለችህ። ይህን ሁሉ ዘመን በእጄ ውሃ እያጠጣኋት፣ እያገላበጥኳት፣ አንድ ቀን ትንፍሽ ሳትል።”

“ተይ” አለ። “አሮጊት ናቸው። አሁን ምን ይረባል?”

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። እሷ ግን ማጭድም አልፈለገች፤ የጓሮዋን በር ከፍታ በዝናቡ ውስጥ ወደ እናቷ ክፍል ተራመደች። እሱም ተከተላት፣ ሊያስቆማት ይሁን አብሯት ሊሆን ራሱም ሳያውቅ።

እናቷ በመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰው መሆኑን እንጂ ማን መሆኑን አይለዩም።

“እማዬ፣ ያን ቅዳሜ ይሄ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ለምን ‘የለችም’ አልሽው?”

“የቱ ሰው?”

“የምግብ ሠሪያችን ልጅ።”

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ወደ በሩ አዩ። “ግራሶ ነህ?” አሉ።

ሁለቱም ክው አሉ። ያን ስም ከእነሱ ሌላ የሚያውቀው ያለ አይመስላቸውም ነበር።

“ምን ያስደነግጣችኋል? ይቺ ልጅ አትክልቱ ውስጥ ስትጠራህ በመስኮት እሰማ አልነበረም እንዴ” አሉ እናቷ። “ደግሞ አልዋሸሁም። ክፍልሽን ከፍቼ አየሁ፣ የለሽም። በረንዳውን አየሁ፣ አትክልቱን አየሁ፣ ስምሽን ጠራሁ። የለሽም። ‘የለችም’ አልኩት። ታዲያ ምን ልበለው?”

“ማድ ቤትስ?”

“ማድ ቤት?” ቃሉ ለእሳቸው የሌላ አገር ስም ነበር። “እኔ ማድ ቤት ወርጄ አላውቅም። አንቺን እዚያ እፈልግሻለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩ።”

“እሺ፣ መምጣቱንስ ለምን አልነገርሽኝም?”

“ማታ ዓይንሽ እንዲህ አብጦ ገባሽ። ውጪ ተገናኝታችሁ የተጣላችሁ መሰለኝ። የቆሰለ አይነካም ብዬ ዝም አልኩ። ሲቀላት ራሷ ትነግረኛለች አልኩ። አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልጠየቅሁሽ፤ ይኸው።”

ዝምታ ወርቅ ነው ያለ ሰው እነዚህን ሦስቱን አላየም። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ማዕድ፣ ሦስተኛው በሩቅ ከተማ፣ አንዱ ለአንዱ እየተጠነቀቀ ዕድሜ አለቀ።

“አንተስ?” አሉ አሮጊቷ ወደ እሱ ዞረው። “አንዴ ‘የለችም’ ሲሉት ብን ብሎ የሚጠፋ ምን ዓይነት ጠያቂ ነው?”

“እትዬ፣ ካልፈለግሽኝ አትገኚ ብዬ ጽፌላት ነበር።”

“እንዲህ ተብሎ ይጻፋል? ሰው እኮ መጸዳጃ ቤትም ይሄዳል።” ሳል ያዛቸውና ጠበቁ። “በማግስቱ እሑድ ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ ሳሎን ተቀመጥሁ። ያ ኮት የለበሰ ልጅ ተመልሶ ይመጣል ብዬ። ሰኞም ለብሼው ነበር።”

“ምን ሊሉኝ፣ እትዬ?” አለ።

“እምቢ ልልህ ነዋ። መጀመሪያ እምቢ እልህ ነበር። ብትደግም አሁንም እምቢ። ሦስተኛ ብትመጣ ግን ማን አቅም ነበረው? እኔም ሰው ነኝ። እሷ ምግብ መብላት ትታለች፣ እያየሁ። ቁጭ ብዬ ጠበቅሁህ። ስትቀር ጊዜ፣ ለልጄ ሁለቴ መድከም ያልቻለ ይቅር አልኩና ቀሚሱን አጠፍኩት።”

አስጎብኚዋ ቁጣዋን ይዛ የምትሄድበት አጣች። እናቷን ልትቆጣ መጥታ የቀሚሱ ነገር ልቧን ሰበረው። እሱን ልትቆጣ፣ የተዋሰው ኮት አለ። ራሷን ልትቆጣ፣ ያች ሻንጣዋን ታቅፋ ጭስ ውስጥ የተቀመጠች ልጅ አሳዘነቻት። አጥፊ ቢኖር ኖሮ ይቀላት ነበር።

መካኒኩ ሰዓቱን አየ። ሊደብቀው ሞክሮ ነበር፤ የሰው ፊት ስታይ የኖረች ሴት ግን ይህ አያመልጣትም።

“መኪናዬ ሊነሳ ነው” አለ ቀስ ብሎ። “ማወቄ ጥሩ ነው። ከማወቅ ጋር መሄድ ይሻላል።” ቆቡን በሁለት እጁ ያዘ። “ደህና ሁኚ እንግዲህ።”

ደህና ሁን ማለት ነበረባት። ዕድሜዋን ሙሉ ይሉኝታ ያስተማራት እሱን ነው፤ እንግዳ ሲሄድ ፈገግ ብሎ መሸኘት።

“አትሂድብኝ” አለች።

እናቷ ቀና አሉ። እሱ ባለበት ቆመ።

“ቆንጆ ነገር የምናገርበት አቅም የለኝም” አለች። “ደክሞኛል። አርጅቻለሁ፣ እግሬን ያመኛል፣ እናቴን ትቼ የትም አልሄድም። ጣሪያው ያፈሳል። የምሰጥህ ነገር ይሄው ነው፣ ሌላ የለኝም። ቢሆንም አትሂድብኝ።”

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ በረታ። መካኒኩ ጫማውን እያየ ቆየ። ምን እንደሚያስብ ለማንበብ ፈልጋ አልቻለችም፤ የሰው ሁሉ ፊት የሚነበብላት ሴት የዚህን የአንዱን አልነበብ አላት። ጠበቀች። እንደዚያ ቅዳሜ ዓይነት መጠበቅ አልነበረም፤ ይሄኛው የምትፈልገውን በአፏ ተናግራ መጠበቅ ነውና ከዚያኛው ይልቅ ያስፈራል።

“መርከብ መካኒክ አያጣም” አለ በመጨረሻ። “እኔም ደክሞኛል፣ ቀጭኔ።”

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረ። ያን ያህል ዓመት በቤታቸው ሲያድግ በእኚህ ሴት ፊት ቁጭ ብሎ አያውቅም፤ ሁልጊዜ ትሪ ይዞ፣ ወይ መልእክት ይዞ፣ ወይ ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ከአልጋው አጠገብ ያለችውን በርጩማ አየ፤ እሳቸውን አየ።

“እትዬ” አለ። “ልቀመጥ?”

“እስከ ዛሬስ ማን ቁም አለህ?” አሉ።

ተቀመጠ። አስጎብኚዋም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት፣ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች። ዝም በይ ያላት አልነበረም።